አደራ በገበያ ዋጋው ስንት ነው?

ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ሕመሙንና ስንቁን። በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው አውራ ጎዳና በስተምሥራቅ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚፈልቀው ይህ ፍል ውሃ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይጠራል። ውሃው ዘንድ የደረሰ ሁሉ፣ ባለጸጋም ሆነ ድሃ፣ አንድ ነገር ማድረጉ አይቀርም፤ ልብሱን ያወልቃል። ልብስ ሲወልቅ ደግሞ በኪስ ያለው ገንዘብ፣ ስልኩና የቤት ቁልፉ አብረው ይወርዳሉ። ብቻውን የመጣ ሰው ምን ያደርጋል? በዙሪያው የተቀመጡትን ያያል፤ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣል፤ «አደራ» ብሎ ንብረቱን ያስረክብና ወደ ውሃው ይገባል።

«አደራ» የምትለው ቃል ደረሰኝ የላትም፤ ማኅተምም አያርፍባትም። ይሁን እንጂ ሰውየው ዝም ብሎ አልመረጠም። ልጅ የታቀፈች እናት፣ ከእሱ ቀድመው ቀናት የሰነበቱ ሽማግሌ፣ ወይም የአገሩን ሰው ፈልጓል። ጥርጣሬውን ልብሱን ከማውለቁ በፊት ጨርሷል። ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ አንገቱን እያዞረ ልብሱን ሲጠብቅ የሚውል ሰው ከፍል ውሃው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ከወንዛዬ ብዙም ሳይርቅ፣ ወረታ ከተማ ላይ፣ ይኸው ጉዳይ በኩንታል ይመዘናል። የፎገራን ሩዝ ወይም የደጋውን ጤፍ በመኪና አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሀብቱን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝ ደላላ ያስረክባል። ደላላው ሸጦ ገንዘቡን ይልካል ወይም አይልክም። ነጋዴው ያን ምርት በከፊል ከገበሬው በዱቤ ያነሳው ከሆነ፣ በአንድ ሰው ቃል ላይ የተንጠለጠለው የእሱ ሀብት ብቻ አይደለም። አደራው ሲበላ ኪሳራው ከእህል በረንዳ ተነስቶ፣ ወረታን አልፎ፣ እስከ ገበሬው ጎተራ ይወርዳል።

ቻይናውያን ምን ይላሉ?

ቻይናውያን በንግዱ ዓለም አዘውትረው የሚጠቅሱት አንድ የቆየ ምሳሌያዊ አነጋገር አላቸው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምትጠረጥረውን አትቅጠር፣ የቀጠርከውን አትጠርጥር» ማለት ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም ሁለት ትእዛዝ የያዘ ሲሆን፣ ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ከመሰጠቱ በፊት ያለውን ጊዜ ይመለከታል። በዚያን ጊዜ መጠርጠር፣ መጠየቅና ማጣራት ተገቢ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሁለተኛው ሥራው ከተሰጠ በኋላ ያለውን ጊዜ ይመለከታል። በዚያን ጊዜ ደግሞ እጅን ሰብስቦ ማሠራት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ምሳሌውን ሲጠቅስ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ይዞ ይሮጣል። ከዚህም የተነሳ አባባሉ የየዋህነት ትምህርት ይመስላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቻይናውያን ሌላም አባባል ያላቸው መሆኑ ነው፤ ሰውን የመጉዳት ሐሳብ በልብህ አይኑር፣ ከሰው የመጠንቀቅ ሐሳብ ግን አይጥፋ ይላሉ። ስለዚህ ነገሩ ዓይንን ጨፍኖ ማመን አይደለም። ጥርጣሬ ቦታ አለው፤ ቦታውም በሩ ላይ ነው፤ ከበሩ አልፎ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም ማለት ነው።

የእኛስ አገር ምሳሌዎች ምን ይላሉ? «ሰው ማመን ቀብሮ» የሚለው ከሁሉ የከረረው ነው። ሰው እስካልተቀበረ ድረስ ሊለወጥ ስለሚችል አይታመንም ይላል። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባላል። ስለ ብድር ሲነገርም «ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር» ተብሏል። በሌላው ወገን ደግሞ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ቃልን ከልጅ ያስበልጣል። አገሩ በአንድ አፍ ሰውን አትመን እያለ በሌላ አፍ ቃልህን ጠብቅ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ግን ግጭት የለባቸውም። የመጀመሪያዎቹ ለሚያምነው፣ የመጨረሻው ለሚታመነው የተነገሩ ናቸው። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ደረጃ፣ ማለትም አንድ ሰው ከማይታመንበት ወደሚታመንበት እንዴት እንደሚሻገር የሚናገረው ክፍል ነው። የቻይናው ምሳሌ ለነጋዴ የሚጠቅመው በዚህ ቦታ ነው።

የቻይና መንገድ

የቻይና ስም ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በኅዳር 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን ጎብኝተው የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት ተደረሰ። የዚህ ትብብር ትልቁ ፍሬ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ስምምነቱ በንጉሡ ዘመን ቢፈረምም መንገዱ የተጠናቀቀው በደርግ ዘመን ነው። የአገሩ ሰውም «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

መንገዱ ከመምጣቱ በፊት የዚህ አካባቢ ንግድ በቅሎና አህያ ላይ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘው የይፋግ ገበያ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በአቅራቢያው የምትገኘው ደሪጣም የታወቁ ሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም። በነጋድራስ ሥር ተሰባስቦ ይጓዛል፤ ነጋድራሱም በኬላ ላይ ስለ ሁሉም ይናገራል። ከዚያ ማኅበር ለመግባት መታወቅ ያስፈልግ ነበር።

ገንዘቡ ራሱ ሳይመረመር አይታመንም ነበር። የማርያ ቴሬዛን ብር የሚቀበል ሰው 1780 የሚለውን ዓመተ ምሕረት፣ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የሚታዩትን ነጠብጣቦች ሳይቀር እያየ ይቀበል ነበር። የተፋቀውን ወይም ያልተሟላውን ይመልሳል። ይህን ማድረጉ ከፋዩን አላስቀየመም፤ ከፋዩም በተራው እንዲሁ ያደርጋልና። ብሩ አንዴ ከተመረመረና ኪስ ከገባ በኋላ ግን ማንም ሌሊት እየተነሳ አይቆጥረውም። የዚያ ዘመን ነጋዴ የቻይናን ምሳሌ ሳይሰማ ይሠራበት ነበር ማለት ይቻላል።

የፒንግያዎ ሰዎች

ምሳሌው በአገሩ ላይ እንዴት እንደሠራ ለማየት በሰሜን ቻይና ሻንሺ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን ፒንግያዎ ከተማ መመልከት ይበቃል። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1823 ሪሼንግቻንግ የተባለ የሐዋላ ቤት ተከፈተ። ቀድሞ የቀለም መደብር የነበረው ይህ ድርጅት ነጋዴዎች ብር በበቅሎ ጭነው ከሽፍታ ጋር ከሚታገሉ፣ በአንድ ከተማ አስገብተው በሌላ ከተማ በወረቀት እንዲቀበሉ አደረገ። ቅርንጫፎቹም ከ30 በላይ በሆኑ ከተሞች ተስፋፉ።

ካፒታሉ የሊ ቤተሰብ ነበር፤ ሥራው ግን የቤተሰቡ አባል ላልሆነ ሥራ አስኪያጅ፣ ለሌይ ሉታይ ተሰጠ። በሻንሺ የሐዋላ ቤቶች ልማድ ባለገንዘቡ በዕለት ተዕለት ሥራ ጣልቃ አይገባም፤ ሒሳብ የሚጠይቀው በየጥቂት ዓመቱ በሚደረገው አጠቃላይ ማጠቃለያ ላይ ነው። «የቀጠርከውን አትጠርጥር» ማለት በተግባር ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ወደዚህ ቤት የሚገባበት በር ጠባብ ነበር። ተቀጣሪ የሚሆን ልጅ ቤተሰቡ የታወቀ የአገር ልጅ መሆን አለበት፤ ጉድለት ቢያመጣ የሚከፍል ዋስ ያቀርባል፤ ዓመታት በተለማማጅነት ይቆያል። ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ሲላክ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አይሄድም፤ ቤተሰቡ አገር ቤት ይቀራል። በሐዋላው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የገንዘብ ልክና ቀን በምሥጢር ምልክት የሚሰፍር ሲሆን ምልክቱም በየጊዜው ይቀየር ነበር። ታማኝ ሆኖ የቆየ ሠራተኛ ደግሞ ገንዘብ ሳያወጣ ከትርፉ ድርሻ ያገኛል። መተማመኑ ከሰው ደግነት ብቻ የመጣ ሳይሆን፣ መስረቅ ከመታመን ያነሰ ጥቅም እንዲያስገኝ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ሪሼንግቻንግ በ1911ዱ አብዮት ብጥብጥና በዘመናዊ ባንኮች ውድድር ተዳክሞ እ.ኤ.አ. በ1914 እስኪከስር ድረስ 90 ዓመት ያህል በዚህ መንገድ ሠርቷል።

የታሪኩ ምጸት፣ ፍራንሲስ ፉኩያማ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ መተማመን ባሳተሙት መጽሐፍ ቻይናን ከቤተሰብ ውጭ ያለውን ሰው ለማመን ከሚቸገሩት ኅብረተሰቦች መድበዋታል። በዚህ አስተያየት መሠረት ድርጅቱ የሚያድገው ወንድምና ልጅ እስካሉ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሰፋም። ይህ አባባል ለኢትዮጵያ ነጋዴም ሩቅ አይደለም። መርካቶ ውስጥ ካዝናውን ከዘመድ በቀር ለማን ይሰጣሉ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው።

አለመተማመን ሲሰላ

አለመተማመን ወጪ እንዳለው ሁሉም ይናገራል፤ በቁጥር የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የወረታ ነጋዴ አንድ መኪና፣ ማለትም 100 ኩንታል፣ የሚያስጭን ካፒታል አለው እንበል። ደላላውን ስለማያምን ከጭነቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሸጦ እስኪመለስና እንደገና እስኪገዛ 6 ቀን ይፈጅበታል። በወር ውስጥ 24 የሥራ ቀን ቢኖረው 4 ጊዜ ይመላለሳል። ከኩንታል 100 ብር ቢያተርፍ የወሩ ትርፍ 40,000 ብር ነው።

ያው ነጋዴ የሚያምነው ደላላ ቢኖረውና መኪናውን ሸኝቶ ወዲያው ወደ ግዢው ቢመለስ፣ ካፒታሉ በ3 ቀን ይዞርለታል። በወር 8 ጭነት ይልካል፤ ትርፉም 80,000 ብር ይሆናል። ለደላላው ከኩንታል 10 ብር ቢከፍል 8,000 ብር ይወጣል፤ የሚቀረው 72,000 ብር ነው። በዚህ ስሌት ያለመተማመን ዋጋ በየወሩ 32,000 ብር ነው።

ነገር ግን ስሌቱ ሌላም ገጽ አለው። ኩንታሉ 8,000 ብር የሚያወጣ ቢሆን አንድ መኪና ጭነት 800,000 ብር ነው። ደላላው አንዴ አደራ ቢበላ የ25 ወር ጥቅም በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ «እመን» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ «ፈርተህ ተቀመጥ» ማለትም አያዋጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው፤ ደላላው በተመረጠበት ቀን በተደረገው ማጣራት።

ታዋቂው ኢኮኖሚስት ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረቡት አስተያየት እያንዳንዱ ግብይት በውስጡ እምነት እንዳለበት ገልጸው፣ ለብዙ አገሮች ኋላ መቅረት እርስ በርስ ያለመተማመን አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ነጋዴው በየወሩ የሚያጣው ገንዘብ በሺዎች በሚቆጠሩ ነጋዴዎች ሲባዛ የአገር ኪሳራ ይሆናል ማለት ነው።

ደላላው፣ ሙዙና ቅቤው

በደርግ ዘመን የእህል ንግድ በእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ኮታና በኬላ ታስሮ ቆይቶ በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ሲለቀቅ፣ የግል ነጋዴው መኪናና ካፒታል ብቻ ሳይሆን የሚያምነው ሰውም አጥሮት ነበር። ይህን ክፍተት የሞላው የእህል በረንዳ ደላላ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ1980ዎቹ መጨረሻ በእህል ነጋዴዎችና ደላሎች ላይ ያካሄዱት ጥናት፣ ደላላው ብዙ ጊዜ እንደሚነገርለት ያለ ሥራ የሚበላ ሳይሆን፣ የማይተዋወቁ ገዢና ሻጭ እንዲገበያዩ በማድረግ ወጪ የሚቀንስ መሆኑን አሳይቷል። ደላላው የሚሸጠው ስሙን ነው። አንዴ ካጎደለ የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉና ደንበኛ አያገኝም።

ስም የማያድነው አንድ ችግር ግን አለ፤ የጥራት ጉዳይ። በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በማር ውስጥ ስኳር፣ በበርበሬ ውስጥ ቀይ ሸክላ መደባለቁ የከተማ ሰው የሚያውቀው ማታለል ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዱት፣ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ የመጥፎውን ስጋት ያካተተ ዝቅተኛ ዋጋ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ንጹሕ ቅቤ ያለው ሻጭ አይሸጥም፤ ትቶ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ባለሙዙ ነው። አንድ ሰው የደባለቀው ቅቤ የጎረቤቱን ንጹሕ ቅቤ ያረክሳል ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር። ሻጩ ምርቱን ወደ መጋዘን ያስገባል፤ ምርቱ ተመዝኖ ደረጃ ይወጣለታል፤ በስሙ የመጋዘን ደረሰኝ ይያዝለታል። ገዢና ሻጭ ሳይተያዩ ይገበያያሉ፤ ክፍያው በማግሥቱ ይፈጸማል። እምነቱ ከሰው ወደ ተቋም ተዛወረ። ሆኖም ግብይቱ በጉልህ የሰፋው ቡናና ሰሊጥን በመሳሰሉ የውጭ ንግድ ምርቶች ነው።

የፎገራ ሩዝ ግን የተለየ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት፣ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያውም ስሙን ከደራዋ ጅግና የወሰደው ይህ ሩዝ፣ ዛሬ ወረታን የመፈልፈያ ማሽኖች ከተማ አድርጓታል። ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ መፈልፈያው፣ ከዚያም ወደ ጅምላ ነጋዴው ሲሻገር በየደረጃው የሚሠራው ገንዘብ በከፊል ብር፣ በከፊል ቃል ነው።

በሩ ላይ የሚደረግ ጥያቄ

የኢትዮጵያ ነጋዴ የቻይናውን ምሳሌ ገልብጦ ይሠራበታል ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዘመድ፣ የአገር ልጅ ወይም የወዳጅ ልጅ ሲመጣ ዋስ መጠየቅ፣ መጻፍና ማስፈረም ነውር ይመስለዋል። «እንዴት እሱን እጠይቃለሁ?» ይልና ሳያጣራ ያስገባዋል። ካስገባው በኋላ ግን እንቅልፍ ያጣል፤ ኪሱን ያስፈትሻል፣ ሌላ ሰላይ ያስቀምጥበታል፣ ሒሳቡን በየሰዓቱ ይቆጥራል። በበሩ ላይ ያፈረው ሰው በቤቱ ውስጥ ሲጠረጥር ይኖራል። ታማኙ ሠራተኛ በዚህ ተማርሮ ይለቃል፤ ሌባው ግን ይችለዋል።

እቁብ ይህን ችግር ከፈታ ዘመን አልፎታል። ዕጣ የደረሰው ሰው የጎረቤት ልጅም ሆነ የሰፈር አዛውንት፣ ዋስ ካላቀረበ ብሩን አይወስድም። ዳኛው ዋስ ሲጠይቅ የሚቀየም የለም፤ ሁሉም ይጠየቃልና። ጥያቄው ስድብ የሚሆነው ለአንዱ ተነስቶ ለሌላው ሲቀር ነው።

ሕጉም ለበሩ ላይ ጥያቄ የሚሆን መሣሪያ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነትና መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በምስክር ብቻ እረታለሁ ብሎ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብር በቃል የሚያበድር ሰው ይህን ማወቅ ይኖርበታል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጠቀሰ የዋስትናው ውል ዋጋ የለውም። «ለሚያጎድለው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ነጋዴ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በሒሳቡ በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ መስጠት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ሰብልና ከብትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ ሆኖ እንዲመዘገብ ፈቅዷል።

ከሕጉ ውጭ ያለው መሣሪያ ደግሞ ጊዜ ነው። ብልህ ነጋዴ ለአዲስ ደላላ መኪና ሙሉ አይልክም። መጀመሪያ 10 ኩንታል ይልካል፤ ሒሳቡ በቀኑ ሲገባ 20 ያደርገዋል፤ ዓመት ሲያልፍ መኪናውን ይሞላል። የሚጠፋው ገንዘብ ትንሽ በሆነበት ጊዜ ሰውየውን ያጠናዋል።

መንገዱ ሲዘጋ

እዚያው ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በአኗኗሩ ልዩ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ በጎረቤቶቹ ሲጠረጠር ኖሯል። በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ ተሰዶ በ1985 ዓ.ም. ሲመለስ የእርሻ መሬቱ በመጥበቡ በሽመናና በወፍጮ ሥራ ላይ አተኮረ። ወፍጮ የትንንሽ አደራ ሥራ ነው። እህል ይዞ የመጣ ጎረቤት ዱቄቱ ሳይጎድል ሲመለስለት በማግሥቱ ይመጣል። ስብከት ሊለውጠው ያልቻለውን አስተያየት ትክክለኛ ሚዛን ቀስ በቀስ ይለውጠዋል።

ይህ ሁሉ ለምን ዛሬ አስፈለገ? ባለፉት ዓመታት የደቡብ ጎንደር ገበያ በሰላም ጊዜ ያልታየ ፈተና ስለገጠመው ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ የቻይናው መንገድ የጦር ሜዳ ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ ጉዞ በየጊዜው ሲስተጓጎል፣ በብዙ አካባቢዎች የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብርና በባንኮች የስልክ አገልግሎት ገንዘቡ መግባቱን እያየ መኪና የሚያራግፍ ነጋዴ፣ ስልኩ ዝም ሲል ወደ አያቱ ዘመን ተመለሰ፤ የቀረው የሰው ቃል ብቻ ነው።

እንዲህ ባለው ጊዜ አዲስ ሰው ማጣራት አይቻልም። ነጋዴው የሚኖረው ቀደም ብሎ ባጠራቀመው እምነት ነው። በደህናው ጊዜ ደላላውን በ10 ኩንታል የፈተነ፣ ዋሱን ያወቀ፣ ሒሳቡን በደብተር የያዘ ሰው መንገድ ቢዘጋበትም እቃው ያለበትን ያውቃል፤ ሰውየውም ሲከፈት እንደሚከፍለው ያውቃል። በደህናው ጊዜ አፍሮ ያልጠየቀው ግን ጭነቱንም ወዳጁንም በአንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። ካፒታል በባንክ ይቀመጣል፤ መተማመን ግን ከተቸገሩ በኋላ የሚበደሩት ነገር አይደለም።

አደራ ተቀባዩም ቢሆን ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ደላላ ከአንድ ጭነት የሚያገኘው የኮሚሽን ገንዘብ ከጭነቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ታማኝነቱ የሚያዋጣው ጭነቱ ነገም፣ ከነገ ወዲያም የሚመጣ ከሆነ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ታማኝ ያገኘ እንደሆነ ለትንሽ ቅናሽ ብሎ ወደ ሌላ ደላላ መዝለል የለበትም። ፒንግያዎዎች ለታማኙ የትርፍ ድርሻ የሰጡት ለደግነት ብለው አልነበረም፤ ነገ የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ዛሬ አይሰርቅም በማለት ነው።

ወንዛዬ ያለው መታጠቢያ ላይ ሰውየው ታጥቦ ይወጣል። አደራ የተቀበሉት ሽማግሌ ልብሱን ያስረክቡታል፤ እሱም ኪሱን ሳይፈትሽ ይለብሳል። ቀጥሎ ሽማግሌው በተራቸው ለመታጠብ ሲነሱ ጋቢያቸውን ለማን ይሰጣሉ? መልሱ ግልጽ ነው። ገበያም የሚቆመው በዚህ መልኩ ነው፤ አንዱ የሌላውን ልብስ በጠበቀ ቁጥር የራሱን የሚጠብቅለት ሰው ያገኛል። ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ግን ዙሪያውን ማየቱን አይርሳ።